ከአጋሮ መጋዘን እስከ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ

ጥቅምት ሲገባ በጅማ ዙሪያ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ሸቤ፣ ሌላ መልክ ይይዛሉ። ለቀማው ይደራል፣ መጋዘኑ በጀንፈል ይሞላል፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሌባም ይህን ወቅት ያውቀዋል። አጋሮ ላይ አንድ መጋዘን ተሰብሮ አደረ እንበል። ጠዋት ባለቤቱ ይጮኻል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሰው ሁሉ ገብቶ ያያል። አንዱ ኬሻውን ያገላብጣል፣ ሌላው የተሰበረውን ጓጉንቸር አንስቶ «በፌሮ ነው የገነጠሉት» ይላል። ሁሉም ለመርዳት የመጣ ነው። ፖሊስ ሲደርስ ግን የሌባው ዱካ በስንት ሰው ጫማ ተረግጧል፤ ጓጉንቸሩ ላይ የነበረውም አሻራ ስንት እጅ አልፎበታል።

የፎረንሲክ ምርመራ ዕጣው የሚወሰነው በዚያች ጠዋት ነው። በአገራችን ግን ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ ሳይነኩ መጠበቅን ማስለመድ ቀላል አልሆነም፤ ወንጀለኛ ፍለጋ ለዘመናት ያረፈው በሰው አፍ ላይ ነበርና። አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ያካባቢው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይምላል፤ የሚያውቀውንና የሚጠረጥረውን ይናገራል። ስሙ እንዲነሳ የማይፈልግ «ወፍ ነገረችኝ» በሚል ዘዴ ጥርጣሬውን ያስተላልፋል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሳውን አገሬው ተዋጥቶ ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ብልሃት አለ፤ ዝም ማለት ዋጋ እንዲያስከፍል ያደርጋል። ሌባ ሻይ የሚባለው ሌላው ዘዴ ግን ጭካኔ ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠዋል፤ ወገቡ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ያ ሰው በምን ይከራከራል?

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በአንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር፣ ደሙም እንዲወሰድ ለማድረግ ሥልጣን ሰጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ደነገገ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የመርማሪው ሥራ ከሰው አፍ ወደ ቁሳዊ ማስረጃ መሄድ እንዳለበት ግልጽ ነው።

የእምነት ቃል ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል እንግሊዝ ውስጥ የሆነው ያሳያል። አሌክ ጄፍሪስ የሚባሉ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰውን በዲኤንኤ የመለየት ዘዴ አገኙ። በዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው ነበር፤ አንድ የ17 ዓመት ወጣትም አንዱን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ አምኗል። ፖሊስ ሌላውንም ግድያ እሱ መፈጸሙን ለማረጋገጥ ወደ ጄፍሪስ ሄደ። ምርመራው ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው ግን ያመነው ወጣት አለመሆኑን አሳየ። ዲኤንኤ በወንጀል ጉዳይ የመጀመሪያ ሥራው ንጹሕ ሰው ማዳን ነበር። በዚህ ሙያ እኔን ከምንም በላይ የሚያስደስተኝ ይኸው ነው።

ወደ አጋሮው መጋዘን እንመለስ። ኬሻው ሻካራ ስለሆነ አሻራ አይዝም፤ ለስላሳው ብረትና መስታወት ግን ይይዛል። የጣት መስመር ሰው ከመወለዱ በፊት በማኅፀን የሚሠራ ነው፤ መንትዮች እንኳ አይጋሩትም። ፌሮው በበሩ ብረት ላይ የተወው ጭረት ተጠርጣሪው ቤት ከሚገኘው ፌሮ ጫፍ ጋር በማጉያ መነጽር ይነጻጸራል። ጭቃ ላይ ያለ የጫማ ዱካ በጀሶ ይቀረጻል፤ ጅማ ላይ ዝናብ በለቀማም ወቅት ጨርሶ ስለማይጠፋ ግን ዱካው ብዙ የሚቆይ አይደለም። ሰፌድም ይሁን ቆርቆሮ ወዲያው ቢደፋበት ለመርማሪው ትልቅ ውለታ ነው። ሌባው እጁን ቆርጦት ኬሻው ላይ ደም ካንጠባጠበ ደግሞ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው።

ብዙ የሚበላሸውም ይኸው ደም ነው። እርጥብ እንዳለ በፌስታል የታሰረ ደም ያልበዋል፤ ባክቴሪያና ሻጋታ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ጥላ ሥር አድርቆ በወረቀት ፖስታ ማሸግ ያስፈልጋል። ፖስታው ላይ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንዳነሳው ይጻፋል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተቀባዩ ይፈርማል። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ የፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ቤተ ሙከራ እስካለበት አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመንገዱ ላይ አንድ ፊርማ ቢጎድል ጠበቃው «ይህ ደም ያ ደም ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ይላል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው።

ነገሩ ሞት ሲሆን ይከብዳል። ለረጅም ዘመን ከክፍለ ሀገር አስከሬን ለምርመራ የሚላከው ወደ አዲስ አበባው ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በጅማ አካባቢ ቀብር አይዘገይም፤ ቤተሰብ ሟቹን በዕለቱ ሊቀብር ይፈልጋል። የመርማሪው ጥያቄና የቤተሰቡ ሐዘን በዚህ ይጋጫሉ። ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ለሰው በቀረበ ቁጥር ግጭቱ ይቀንሳል፤ ሙያው ወደ ክልል ከተሞች መውረድ ያለበትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሕይወት ያለው ተጎጂ ግን የሚደርሰው በቅድሚያ ጤና ጣቢያ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ በዚያ ሰዓት ማስረጃው በተረኛዋ ነርስ እጅ ነው። አንዳንድ ዓይነት የተባይ ማጥፊያ መርዝ የጠጣ ሰው የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያልበዋል። ሆዱ ሲታጠብ የሚወጣው ፈሳሽ ከመደፋቱ በፊት ጥቂቱ በንጹሕ ጠርሙስ ቢቀመጥና ቢታሸግ፣ በኋላ ራሱ ጠጣው ወይስ ሌላ ሰው ሰጠው ለሚለው ክርክር መነሻ ይሆናል። በስለት የተወጋ ሰው ሸሚዝ ሲቀደድም መቀሱ ስለቱ በገባበት ቀዳዳ ላይ አይሂድ፤ በጎኑ ይለፍ። የቁስሉ ስፋትና ቦታ ከመሰፋቱ በፊት ተለክቶ ይመዝገብ፤ ፍርድ ቤቱ ከወራት በኋላ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ያኔ ቁስሉ ድኗል።