«ኩላሊቴን!» ከላቦራቶሪው መስኮት ጀርባ

ስሜን አልነግራችሁም፤ የሠራሁበትን ክሊኒክም አልጠራም። ደብረ ታቦር ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ማታ ያንሾካሾክሁት ጠዋት ቡና ላይ ይወራል። ለዓመታት በላቦራቶሪ መስኮት የሽንት ዕቃ ስቀበል የኖርሁ ሰው መሆኔን ካወቃችሁ ይበቃል። ከዚያች መስኮት የሚታየው ከሐኪሙ ወንበር ከሚታየው ይለያል። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ አጠር አድርጎ፣ ተጨንቆ ነው የሚናገረው። መስኮቷ ላይ ግን ክርኑን አስደግፎ ሁሉንም ይዘረግፈዋል።

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከጋሳይ፣ ከክምር ድንጋይ፣ ከፋርጣ ቀበሌዎች የሚመጣው ሰው የሚያመው ቦታ ይለያይ እንጂ ቃሉ አንድ ነው፤ «ኩላሊቴን!» እጁን ወደ ኋላ አዙሮ አንዱ መሃል ጀርባውን፣ አንዱ ከጎድኑ ሥር፣ አንዱ ሽንጡን፣ አንዱ ዳሌውን ይይዛል። ሁሉም ኩላሊት ነው። ወዲያው ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል፦ «ድካም፣ ድካም ይለኛል።»

እኛ ውስጥ ያለነው የምናውቀው፣ ለሕመምተኛው ግን እምብዛም የማንነግረው ነገር አለ። «ኩላሊቴን» ብሎ ከገባው ሰው አብዛኛው ኩላሊቱ ደህና ነው። የሚያመው ጀርባው ነው። ባያመው ነበር የሚገርመኝ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ከወንዝ የተቀዳው ውሃ ዳገት ይወጣል ማለት ነው። የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው፤ በገመድ ታስሮ መሃል ጀርባ ላይ ያርፋል። ገብስ የሚታጨደው ተጎንብሶ፣ ድንች የሚቆፈረው ተጎንብሶ፣ ምድጃ የሚነደው ተጎንብሶ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። 7 ቶን የሚገመተውን ያን መድፍ እስከ መቅደላ የጎተተው የሰው ጉልበትና ወገብ ነው። የዚያ ሰው ወገብ ምን ሆነ ብሎ የጻፈ የታሪክ ሰው ግን አላነበብሁም።

አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዴ በስልኩ አንድ ሥዕል አሳየኝ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ካይሮፕራክተር ዘንድ ይሄዳል፤ ካይሮፕራክተር ማለት አከርካሪን በእጅ እየገፋ «ቦታው እመልሳለሁ» የሚል ባለሙያ ነው። ሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት ከአንድ የሰውነት ክፍል ጋር በመስመር ተያይዟል። 10ኛው የደረት አከርካሪ ጎን «ኩላሊት» ይላል፤ ከኩላሊቱ ጎን ደግሞ «የማይለቅ ድካም»። ዘመዴ ሳቀ። «አየህ፣ እናቶቻችን ልክ ነበሩ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ለአፍታ ደነገጥሁ። የፋርጣ አርሶ አደርና የአሜሪካ ባለሙያ ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። በኋላ የሥዕሉን የትውልድ ሐረግ ስቆጥር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ምኒልክ የዐድዋን ክተት ባወጁበት በዚያው መስከረም 1888 ዓ.ም.፣ በአይዋ ግዛት ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ፣ በማግኔት እፈውሳለሁ የሚል ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው ሃርቪ ሊላርድ ለሚባል መስማት ለተሳነው የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ አከርካሪውን ገፋሁለትና ጆሮው ተከፈተ አለ። የመስሚያው ነርቭ ከአንጎል በቀጥታ ወደ ጆሮ እንደሚሄድና በአከርካሪ በኩል እንደማያልፍ አናቶሚ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ፓልመር ግን የበሽታ ሁሉ ምንጭ ማለት ይቻላል የአከርካሪ መዛነፍ ነው ወደሚል ትምህርት ተሻገረ። ልጁ ቢ. ጄ. ፓልመርና ተከታዮቹ አጥንቱን እየቆጠሩ ለሆድ፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት አከፋፈሉት። ዘመዴ የያዘው ሥዕል የዚያ ክፍፍል የልጅ ልጅ ነው። የእንግሊዝ ካይሮፕራክተሮችን የሚቆጣጠረው ምክር ቤት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ «የአጥንት መዛነፍ» የተባለው ነገር ታሪካዊ ሐሳብ ብቻ እንደሆነና በሽታን እንደሚያመጣ የሚያሳይ የምርምር ማስረጃ እንደሌለው ለአባላቱ አሳውቋል።

ሥዕሉ ከሜዳ አልተነሣም፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ወደ ኩላሊት የሚሄዱት ነርቮች በእርግጥ ከ10ኛው የደረት አከርካሪ አንሥቶ እስከ መጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ካለው ክፍል ይነሣሉ። ለዚህ ነው የታመመ ኩላሊት ሕመሙን ጀርባ ላይ የሚያሰማው። ጥያቄው መንገዱ በተቃራኒው ይሠራል ወይ የሚለው ነው፤ ጀርባ ተዛንፎ ኩላሊት ይታመማል ወይ? ለዚህ መልሱ ከክርክር ክፍል ሳይሆን ከቀዶ ሕክምና ክፍል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆሴፍ መሪ ቦስተን ውስጥ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለሌላው አዛወረ። አዲስ አበባ ላይም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ አደረገ። የሚተከለው ኩላሊት ነርቮቹ በሙሉ ተቆርጠው ነው የሚወጣው። የሚቀመጠውም ጀርባ ላይ ሳይሆን ከእምብርት በታች፣ በጎን በኩል ነው። የደም ሥሩና የሽንት ቧንቧው ይቀጠላል፤ ነርቭ የሚቀጥልለት የለም። እንዲያም ሆኖ ደም ያጣራል፣ ሽንት ያወጣል፣ ለዓመታት። ነርቩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ የሚሠራ ኩላሊት፣ አንድ አጥንት ትንሽ ዘንበል ስላለ ሥራ ያቆማል ማለት አይሆንልኝም።

በዘመዴ ብቻ ግን አልስቅም። እኛም ሥዕል አለን፤ የእኛው የሚሣለው በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው።

ሰውዬው «ኩላሊቴን» ብሎ ይመጣል። ሽንቱን በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ ጥቂት የጨው ቅንጣቶች አሉ። እጽፋለሁ። ግዴታዬ ነው። ወረቀቱ ወደ ምርመራ ክፍል ይሄድና «ኩላሊትህ ላይ አሸዋ አለ» ሆኖ ይመለሳል። የማልጽፈው ምን መሰላችሁ? በደብረ ታቦር ጠዋት ያ ሽንት መስኮት ላይ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እንደነበር። ሽንት ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሟሟው ጨው ይረጋል፤ ከሰውዬው የወጣው ጥርት ያለ ሽንት እኔ ዘንድ ሲደርስ «አሸዋ» አበቀለ። ውሃ ሳይጠጣ ከጋሳይ የመጣ ሰው ደግሞ ሽንቱ የወፈረ ስለሆነ የበለጠ ያረጋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ብርድና ጥም ነው። አልትራሳውንዱም እንዲሁ የራሱ «ትናንሽ አሸዋ» አለው።

ለድካሙም ወረቀት አለን፤ የቪዳል ምርመራ። አንድ ጠብታ ከደም የተለየ ፈሳሽ፣ አንድ ጠብታ መመርመሪያ፣ ረጋ ካለ «ታይፎይድ አለብህ»። በሽታው በተንሰራፋበት አገር የአንድ ቀን ቪዳል ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ የምናውቅ ብዙ ነን። አንዳንዱ ደግሞ ግሉኮስ ስቀሉልኝ ብሎ ይለምናል። ሹክ ልበላችሁ፤ በአንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። ከአሥር የሻይ ማንኪያ ብዙም አይርቅም። ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ያንኑ ይሰጣል፤ ያውም መርፌ የለበትም። ግን በመርፌ የገባ ስኳር ይከበራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ድምፄን የምቀንሰው እዚህ ላይ ነው። ጀርባንና ኩላሊትን የሚያገናኝ መንገድ እኛ አገር አለ። በአጥንት በኩል አይደለም፤ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ነው። «ኩላሊቴን» ያለው ሰው የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ እኛ «ዲክሎ» እንለዋለን። መርፌው ሲወጋ ሰውዬው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ «መድኃኒቱ አገኘው» ይላል። ሲያልቅበት ራሱ ይገዛል፤ ለጎረቤቱም ያካፍላል። ዲክሎና ቤተሰቦቹ ኩላሊት ደም የሚያገኝበትን ቀጭን የደም ሥር ክፍት አድርጎ የሚጠብቀውን ኬሚካል ይከለክላሉ። ለጤነኛ ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ይህ ብዙም ችግር አያመጣም። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰ፣ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ሲወስደው ግን ኩላሊቱ በጥም ላይ ጥም ይደርስበታል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት፣ በተለይ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንድ ላይ የሚውጡት፣ በላዩ ዲክሎ ከጨመሩ ሦስቱ ተባብረው ኩላሊቱን ያንቃሉ። ኩላሊቱን ሊያድን የገዛው መድኃኒት ኩላሊቱን ሲጎዳ ማየት፣ ያውም ኩላሊቱ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ካየሁት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ነው።

እውነተኛው የኩላሊት መዳከም ደግሞ ጮሆ አይመጣም። አያምም። ስኳርና ደም ግፊት ውስጥ ውስጡን ሲበሉት ሰውዬው ገበያ ይወጣል፣ ሠርግ ይሄዳል። ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ ከኩላሊቱ ሥራ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል። ድካሙ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ኩላሊት ለደም ማምረቻ የሚልከው ሆርሞን ሲያንስ ደም ማነስ ይከተላል። እግርና የዓይን ሥር ያብጣል፤ ሽንቱ እንደ ሳሙና አረፋ ይይዛል። እነዚህ ሰዎች እኔ መስኮት ላይ ሲደርሱ «ኩላሊቴን» አይሉም። «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» ነው የሚሉት።

መሃል ጀርባና ድካም አንድ ላይ ሲመጡ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ጎልማሳ ነበር። ወራት ሙሉ መሃል ጀርባውን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ «አጥንቱ ቦታውን ስቷል» ተብሎ በቅቤ ታሽቷል። እኛም ዘንድ ሽንቱን ሁለት ጊዜ አይተን «አሸዋ» ብለነዋል፤ አንዱን ያየሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ እግሩ እየዛለ ሲመጣ ራጅ ተነሣ። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ቲቢ አከርካሪን ሲይዝ የደረቱን የታችኛውን ክፍልና የወገቡን መጀመሪያ መምረጥ ይወዳል፤ የዘመዴ ሥዕል «ኩላሊት» ብሎ የጻፈበትን ሠፈር። በቲቢ የተበላን አጥንት መግፋት ምን እንደሚያስከትል መናገር አያስፈልገኝም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ ከሳንባው ቲቢ ግን ይረዝማል። በዕድሜ በገፉት ዘንድ ደግሞ ማይሎማ የሚባል የአጥንት መቅኔ ካንሰር አለ፤ የጀርባ ሕመም፣ ደም ማነስና የኩላሊት መድከም በአንድ ሰው ላይ ያሰልፋል። ሦስቱን የሚያገናኝ በሽታ የሚፈልግ ካለ እሱ ነው፤ የሚገኘው ግን በደምና በመቅኔ ምርመራ እንጂ በእጅ ዳሰሳ አይደለም።

ወጌሻን እንደ ጠላት አላይም። ለወለምታና ለወጣ ትከሻ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አውቃለሁ፤ አጥብቀው አስረው ጣት ያስቆረጡም አውቃለሁ። አከርካሪ ሲገፋ የሚሰማው «ቀጭ» ደግሞ የሁሉንም ልብ ይሰርቃል፤ የወጌሻውንም የካይሮፕራክተሩንም ደንበኛ። እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀረጹት፤ ድምፁ የሚሰማው በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የአየር ክፍተት ሲፈጠር ነው። አጥንት ወደ ቤቱ የተመለሰበት ድምፅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ለጥቂት ጊዜ ይላላል፤ ሰው ቀለለኝ ይላል፤ አይዋሽም። ለዘመዴም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ ወገብህን ካቀለለህ ሂድ፣ ኩላሊትህን ግን በደም ተመርመር።

የገበያ ቀን ነበር። አንዲት እናት ሽንታቸውን በዕቃ ይዘው መስኮቷ ላይ ቆሙ።

«ኩላሊቴን ነው፣ ዶክተር።» ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረም ከተውሁ ቆይቻለሁ።

«እማማ፣ ጋደም ሲሉስ?»

«ጋደም ስልማ ይተወኛል።»

«ሲያጎነብሱ?»

«ኧረ ቁርጥ ነው የሚያደርገኝ!»

የኩላሊት ጠጠር የያዘው ሰው ጋደም ብሎ አያርፍም፤ ወለሉን ይዞራል፣ ይንከባለላል፣ ሕመሙ ወደ ብሽሽት ይወርድበታል። የኩላሊት ኢንፌክሽን ደግሞ በትኩሳትና በመንቀጥቀጥ ነው የሚመጣው። እሳቸው አንዱም አልነበረባቸውም። ላብም፣ መክሳትም የለም፤ ጠይቄያለሁ።

«ውሃውን ማን ያመጣልዎታል?»

«ማን አለኝ ብለህ ነው፣ ልጄ? እኔው ነኝ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኋቸው። ጀርባዎት ነው፣ ጀሪካኑን በግማሽ ይሙሉት፣ የሰፈር ልጅ ያግዝዎት፣ ዲክሎውን ይተዉት አልሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ መረቁኝም። ከዚያ የያዙትን ዕቃ ትንሽ ገፋ አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«እሺ፤ ይቺን ግን እይልኝ።»

ተቀበልኋቸው። ጠዋቱ ይበርድ ነበር፤ ቶሎ ብዬ ወደ ማይክሮስኮፑ ሄድሁ።