ባትሪው አልወጣ ሲል

ከካሜራው ሥር ያለችው ትንሽ በር ተከፍታለች። ባትሪውን ቆልፋ የምትይዘው ባለ ቀለም ምላስም ወደ ጎን ተገፍታለች። በዚህ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ባትሪውን ገፋ አድርጎ ብቅ ሊያደርገው ይገባ ነበር። ባትሪው ግን ፍንክች አይልም። ጥፍር የሚይዝበት ቦታ የለም፤ ካሜራውን ቁልቁል ቢደፉትም አይወድቅም። ቻርጁ አልቋል፤ ነገ ደግሞ ሠርግ አለ።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በጊንጪ፣ ይህ ነገር የደረሰበት ፎቶ አንሺ የሚይዝ የሚጨብጠው ቢጠፋው አይፈረድበትም። በዚህች የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሁሉ፣ ፎቶ ቤት የሚኖረው በመታወቂያ ጉርድ፣ በልደት፣ በምረቃና በሠርግ ነው። ጥር ሲመጣ ጥምቀትና ሠርግ ይደራረባሉ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሲያስመርቅ ሥራው ወደ ምዕራብ ይጠራል፤ ሐይቅ ዳር መነሳት የሚፈልጉ ሙሽሮች ደግሞ ደንዲና ወንጪ ድረስ ይወስዳሉ። በአንድ ካሜራ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በንዴት ፒንሳ አንስቶ ባትሪውን ቢጎትት፣ በደቂቃ ውስጥ ካሜራውንም እጁንም ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ፒንሳው ከመነሳቱ በፊት እንዲነበብ የታሰበ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ከካሜራው ይፈልጋል። ምላሷን ይነቀንቃል፣ በሩን ይወቅሳል። እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው። ሲገዛ ያለ ችግር ይገባና ይወጣ የነበረ ባትሪ ዛሬ ጉድጓዱን ሞልቶ ከተቀረቀረ፣ ጉድጓዱ አልጠበበም፤ ባትሪው አብጧል።

ለምን እንደሚያብጥ ለመረዳት ከፕላስቲክ ቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ የሚንቀሳቀሰው በ16 የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነበር። ዛሬ በአንድ እጅ የምንይዘው ካሜራ በአንዲት ቀጭን ባትሪ ቀኑን ሙሉ ሊሠራ የቻለው ሊቲየም አዮን በመምጣቱ ነው። ሶኒ ይህን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ለዚያ መንገድ የጠረጉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል።

በአብዛኛው የፎቶ ካሜራ ባትሪ ውስጥ ሁለት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ስለሚሰጡ ነው ከላይ 7.2 ወይም 7.4 ቮልት ተጽፎ የምናየው። በሴሉ ውስጥ ግራፋይት የተቀባ ስስ የመዳብ ቅጠልና የሜታል ኦክሳይድ የተቀባ የአሉሚኒየም ቅጠል ይገኛሉ። በመካከላቸው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ፕላስቲክ አለ፤ ሁሉንም የሚያርሰው ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አዮኖች በፈሳሹ ውስጥ አልፈው ወደ ግራፋይቱ ይገባሉ፤ ፎቶ ስናነሳ ይመለሳሉ። ይህ ምልልስ በበዛ፣ ሙቀትም በጨመረ ቁጥር ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ሲፈርስ ጋዝ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን፣ ኤቲሊን። ሴሉ ድፍን ስለሆነ ጋዙ መውጫ አያገኝም። ቅርፊቱን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የካሜራው ጉድጓድ ደግሞ ለባትሪው ልክ ተደርጎ ስለተሠራ ትንሽ እብጠት እንኳ ለመቀርቀር ይበቃል።

እርጅና የማይቀር ቢሆንም የሚያፋጥኑት ነገሮች አሉ፤ አብዛኞቹም በእጃችን ያሉ ናቸው። ሴሉ ከ4.2 ቮልት በላይ ሲሞላ ይጎዳል። ደህና ባትሪ ውስጥ ያለች ትንሽ ሰርኪዩት ይህ እንዳይሆን ትቆርጣለች፤ በርካሽ ኮፒ ባትሪና ሁሉንም እችላለሁ በሚል ቻርጀር ግን በዚህች ሰርኪዩት መተማመን አይቻልም። መብራት ሲሄድ ሲመጣ በሚያድርበት ሌሊት ባትሪውን ሰክቶ መተኛትም አደጋውን ያባብሰዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ባትሪ ሞልቶ ከሆነ ይበልጥ ይጎዳል።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን የሥራ መቀዝቀዣውን ወቅት ነው። ጥር በሠርግ ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በኦርቶዶክሱ ዘንድ ለ55 ቀን ሠርግ የለም። ባትሪው ከመጨረሻው ሠርግ እንደተመለሰ፣ ባዶውን፣ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ሳጥን ውስጥ ይከርማል። ቻርጁ በራሱ እየቀነሰ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ውስጡ ይበላሻል። ለፋሲካ ማግስት ሠርግ ሲነሳና ቻርጅ ሲደረግ ማበጥ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ከካሜራው አውጥቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ።

ያበጠ ባትሪ ላይ ጉልበት መጠቀም ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። በካኖን 1200ዲ ውስጥ የሚገባው ኤልፒ ኢ10 የተባለው ባትሪ 7.4 ቮልትና 860 ሚሊ አምፒር ሰዓት አለው። ይህ ወደ 6.4 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሲኒ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ኃይል ነው። ያ ሁሉ በአንድ ሰዓት ፎቶ ማንሳት ሳይሆን በጥቂት ሰኮንዶች፣ በእጅ ውስጥ፣ ከሚቀጣጠል ፈሳሽ ጋር ሲወጣ ማሰብ ነው። ቢላዋ ወይም ካቻቢቴ ቅርፊቱን በስቶ ሁለቱን ቅጠሎች ካነካካ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከሊቲየም ባትሪ ጋር የተያያዘ የታወቀ አደጋ በራሳችን አውሮፕላንም ደርሷል። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከጅራቱ በኩል ጣሪያው ተቃጠለ። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም። የብሪታንያ መርማሪዎች እሳቱ የተነሳው የአደጋ ጊዜ ጠቋሚ ከተባለ ትንሽ መሣሪያ እንደሆነ ደረሱበት። የሊቲየም ባትሪው ገመዶች ከክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ስለነበር ነው። ያ ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ነው፤ የእኛ የካሜራ ባትሪ ግን ከእሱ ጋር የሚጋራው አንድ ነገር አለ፤ በመጨፍለቅ የተነካካ ሽቦ ወይም ቅጠል እሳት ይወልዳል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ካሜራው ይጠፋ። ሚሞሪው ከሁሉ በፊት ይውጣ፤ ባትሪ ይገዛል፣ የሰው ሠርግ ግን አይደገምም። በካኖን 600ዲና 700ዲ የሚሞሪው በር በጎን ስለሆነ አያስቸግርም፤ በ1200ዲና በመሰሎቹ ሚሞሪው ከባትሪው አጠገብ ስለሚቀመጥ በዚያው በር በኩል በጥንቃቄ ተጫን አድርጎ ማውጣት ነው። በሩ ራሱ ካልተከፈተ መጀመሪያ የሚታየው ከሥር የታሰረው የትራይፖድ ሳህን ነው፤ ብዙ ጊዜ በሩን የሚያግደው እሱ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ካሜራውን በእጅ ዳስሱት። ከሞቀ፣ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ ሥራው እዚያው ይቆማል። ካሜራው ወደ ውጭ ወጥቶ ባዶ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ይርቃል። ምንም ምልክት ከሌለ ለጥቂት ሰዓት ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት። የጊንጪ ሌሊት ለዚህ ጥሩ ነው። ከ25 ዲግሪ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ የጋዙ መጠን 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ብዙ ባይሆንም ለተቀረቀረ ነገር ትንሽም ትረዳለች። ፍሪጅ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዝና ሌንሱንም ሰርኪዩቱንም ያበላሻል።

አሁን በደንብ ብርሃን ይዛችሁ ጉድጓዱን ተመልከቱ። ምላሷ ሥር አቧራ ወይም የገለባ ብናኝ ገብቶ ሙሉ በሙሉ እንዳትመለስ ያደርጋታል። በአውድማ ወቅት ገጠር ሠርግ የሠራ ካሜራ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ምላሷን ወደ ጎን ገፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ደግፋችሁ ያዟት። ከዚያ ካሜራውን ታጥፎ ከተነጠፈ ጋቢ በላይ፣ በሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙና ጀርባውን በመዳፍ በቀስታ መታ መታ አድርጉት። ትንሽ ያበጠ ባትሪ በዚህ ብቻ ሊንሸራተት ይችላል።

ካልሆነ ወደ ፕላስተር ነው። የሚታየውን የባትሪውን ጫፍ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ የእጅ ወዝ ካለበት ፕላስተር አይይዝም። ጠንካራና ሰፊ ፕላስተር ቆርጣችሁ ጫፉ ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉ፤ የቀረውን እጥፍ አድርጋችሁ መያዣ ጅራት ሥሩለት። ምላሷ እንደተያዘች ጅራቱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። አትጠምዝዙ፤ ከተጠመዘዘ ቅርፊቱ ይበልጥ ይነክሳል። ፕላስተሩ ከተላቀቀ እንደገና ይለጠፋል፤ ሦስትና አራት ጊዜ መሞከር ምንም አይጎዳም።

አንዳንዴ የሚይዘው እብጠቱ ሳይሆን ተላጦ የተጠቀለለ የባትሪው ወረቀት ነው። ለዚህም ለእብጠቱም ቀጭን ፕላስቲክ ይጠቅማል፤ የሲም ካርድ መያዣ ወይም አሮጌ የራጅ ፊልም በቀጭኑ ተቆርጦ በባትሪውና በግድግዳው መካከል፣ በሰፊው ጎን በኩል፣ እንዲንሸራተት ይደረጋል። አንዱ ሰው ፕላስቲኩን ሲያስገባ ሌላው ጅራቱን ቢስብ ይሻላል። ብረት ግን በምንም መንገድ አይግባ፤ ወረንጦም፣ መርፌም፣ ምላጭም። ዘይትም አይንጠብ፤ ወደ ውስጥ ወርዶ ካሜራውና ባትሪው የሚገናኙባቸውን ነጥቦች ያቆሽሻል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የታችኛውን ሽፋን ፈትቶ ጉድጓዱን ማላላት ይቀራል። ይህን ካሜራ ለሚያውቅ ጠጋኝ ተዉለት፤ ሞባይል መሥራት የሚችል ሁሉ ካሜራ ይፈታል ማለት አይደለም። ብቅ የሚል ፍላሽ ያለው ካሜራ ውስጥ ፍላሹን የሚያበራ ካፓሲተር አለ። ወደ 300 ቮልት ይይዛል፤ ካሜራው ከጠፋ በኋላም ኃይሉ ወዲያው አይለቅም። የማያውቅ ጣት ሲነካው ክፉኛ ይመታል። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ማሠራት የአንድ ቀን ሥራ ቢያስቀርም፣ በዚህ ጉዳይ መንገዱን መሄድ ይሻላል እላለሁ።

ባትሪው ሲወጣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡትና በጣት ነካ አድርጉት። ከተወዛወዘ ወይም እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል፤ ቻርጀር ላይ ተመልሶ አይወጣም። ገና ይሠራል ብሎ ለሌላ ሰው መሸጥ አደጋውን ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ ነው፤ በአንድ ከተማ በምንተዋወቅ ሰዎች መካከል ይህን ማድረግ ነውር ነው። ቀጥሎ ከባልደረባ ጤነኛ ባትሪ ተውሳችሁ ካሜራው ውስጥ አስገቡ። ስፕሪንጉ ብቅ ካደረገውና በቀላሉ ከወጣ ካሜራው ደህና ነው። አዲስ ስትገዙም ሻጩ ፊት በራሳችሁ ካሜራ አስገብታችሁ አውጡ፤ ገና ከማሸጊያው ሲወጣ ጥፍር የሚያስቸግር ኮፒ ጥቂት ወር ሲያገለግል ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ያበጠው ባትሪ ከጓሮ አይቀበር፤ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል። ፈሳሹ ውስጥ ያለው የሊቲየም ጨው እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የተባለ መርዝ ይወጣዋል፤ በክረምት ውኃ ቋጥሮ በሚከርመው የጊንጪ ጥቁር አፈር ውስጥ እርጥበት አይታጣም። ለኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በ2010 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶለታል፤ ባትሪ ለብቻው የሚሰበሰብበት ቦታ በአቅራቢያ ከሌለ ግን ሥራው በባለቤቱ እጅ ይቆያል። የብረት ነጥቦቹን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ደረቅ አሸዋ ባለበት ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት፤ ክዳኑን አታጥብቁ። ጣሳው ከቤት ውጭ፣ ጥላ ባለበት፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይሁን። በከተማው ያሉት ፎቶ ቤቶችና ሞባይል ጠጋኞች ተስማምተው አንድ የጋራ ጣሳ ቢያኖሩ፣ ሲሞላም አንዱ የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ ለሚረከብ አካል ይዞ ቢሄድ፣ ከውስጡ ያለው መዳብ፣ ኮባልትና ሊቲየም እንደገና ሥራ ላይ የሚውል ሀብት ይሆናል።