አብሮ መቆየት ስንት ነጥብ ያስቆጥራል? መናበብና ውጤት በራግቢ

ከእግር ኳስ ወደ ራግቢ ዓይኑን የሚያዞር ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጉልበት ነው፤ ትከሻ ከትከሻ ሲጋጭ 80 ደቂቃው ያልቃል። ጨዋታውን የለመዱት ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ስለሆነ፣ ኳስ የያዘው ሰው ወደ ፊት እየሮጠ ከኋላው ለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም አዙሮ ለማያየው ጓደኛው ያቀብላል። ጓደኛው እዚያ መድረሱን የሚያውቀው አብሮ በመጫወት ነው። በእግር ኳስ አንድ ልዩ ተጫዋች ብቻውን ጨዋታ ሊቀይር ይችላል፤ በራግቢ ስምንቱ አጥቂዎች ተያይዘው በስክረም ካልገፉ ያ ልዩ ተጫዋች ኳሷን ላያገኛት ይችላል።

አሰልጣኞችም ተመራማሪዎችም ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ከዚህ ይመጣል፦ አብሮ የቆየ ቡድን የበለጠ ያሸንፋል ወይ? በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ የማንና የማን አብሮነት ነው የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ላይንአውትን እንይ። ኳስ ወደ ጎን ስትወጣ ሁለቱ ቡድኖች ትይዩ ሆነው ይሰለፋሉ፤ ሁከር የሚባለው 2 ቁጥር ከጎን መስመሩ ላይ ሆኖ በመካከላቸው ቀጥ አድርጎ ይወረውራል። ዘላዩን ከፊትና ከኋላ ሁለት ሰዎች ይዘው ያነሱታል። ወርዋሪው የሚያነጣጥረው ሰውየውን ሳይሆን ከቅጽበት በኋላ እጁ የሚደርስበትን ባዶ ቦታ ነው። ማን እንደሚዘል ተጋጣሚ እንዳያውቅ ጥሪው በምስጢር ቃል ነው። ከአራቱ ሰዎች አንዱ ለአፍታ ከዘገየ ኳሷ የተጋጣሚ ሆነች ማለት ነው።

በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ደቡብ አፍሪካ ይህን በራሷ ላይ አየችው። ጨዋታው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ እያለ ሁከሩ ቦንጊ ምቦናምቢ ተጎድቶ ወጣ። ሌላው የታወቀ ሁከር ማልኮም ማርክስ ቀደም ብሎ በጉዳት ከውድድሩ ተሰናብቷል። የገባው ዲዮን ፉሪ ነበር፤ በወጣትነቱ ሁከር የነበረ፣ በኋላ ግን በአብዛኛው በሌላ የአጥቂ ቦታ፣ በፍላንከርነት፣ የተጫወተ ሰው። ፉሪ በድፍረት ተጫወተ፤ ላይንአውቱ ግን ሲቸገር አመሸ። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፋ ዋንጫውን ብታነሳም፣ በአንድ ቁጥር ላይ የተደረገ ለውጥ የስንቱን ሥራ እንደሚያናጋ ያ ምሽት አሳይቷል።

እንዲህ ዓይነት በጥንድ የሚሠሩ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከስክረሙ ስር ኳስ የሚያወጣው 9 ቁጥርና ጨዋታውን የሚመራው 10 ቁጥር አንዱ ጥንድ ናቸው። የአውስትራሊያዎቹ ጆርጅ ግሬጋንና ስቲቨን ላርካም በብሔራዊ ቡድን ወደ 80 የሚጠጉ ጨዋታዎች አብረው ጀምረዋል፤ በክለብም የካንቤራው ብራምቢስ ባልደረቦች ነበሩ። መካከለኛዎቹ 12 እና 13 ደግሞ ሌላው ጥንድ ናቸው። የኒውዚላንዶቹ ማአ ኖኑና ኮንራድ ስሚዝ ከ60 በላይ፣ የአየርላንዶቹ ብራያን ኦድሪስኮልና ጎርደን ዳርሲ ከ50 በላይ ጨዋታ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። እነዚህ ሁለቱ የሚፈተኑት በመከላከል ላይ ነው። አጥቂ ወደ መካከላቸው ሲመጣ ማን እንደሚይዘው ለመነጋገር ጊዜ የለም፤ ሁለቱም ወደ አንዱ ሰው ከሄዱ ቀጣዩ ነፃ ነው።

ከጥንድ አልፎ ቡድን በሙሉ ሲናበብ ደግሞ የ2003ቱ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ አለ። ሲድኒ ላይ እንግሊዝና አውስትራሊያ 17 እኩል ሆነው ጭማሪ ሰዓቱ ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ቀርቶታል። እንግሊዞች «ዚግዛግ» የሚሉት የተለማመዱት እንቅስቃሴ ነበራቸው። ስቲቭ ቶምፕሰን ረጅሙን ወርውሮ ከሰልፉ ጫፍ ለሉዊስ ሙዲ አደረሰ፤ ማይክ ካት ይዞ ተጋጨ፤ ማት ዳውሰን ክፍተት አይቶ ሮጠና መሬት ላይ ወደቀ። ዳውሰን ከስር ወጥቶ እስኪዘጋጅ ድረስ አምበሉ ማርቲን ጆንሰን ማንም ሳይነግረው ኳሷን ይዞ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተጋጨ። ከዚያ ኳሷ ለጆኒ ዊልኪንሰን ደረሰች፤ እሱም በደካማ እግሩ፣ በቀኙ፣ መታና አገባት፤ 20 ለ 17። ዝናው ለዊልኪንሰን ሆነ። ለእኔ ግን የጨዋታው ቁልፍ የጆንሰን ያቺ ግጭት ናት፤ 9 ቁጥሩ ከስር እንደሆነና ሦስት ሰከንድ እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚያደርገው።

ነገሩን ወደ ቁጥር ለመቀየር ከሞከሩት መካከል የሚጠቀሰው ቤን ዳርዊን ከዚያው ውድድር የወጣ ሰው ነው። በስክረም የፊት ረድፍ የሚገፋ የአውስትራሊያ ፕሮፕ ሳለ በግማሽ ፍፃሜው ስክረም ውስጥ አንገቱን ተጎዳ፤ የኒውዚላንዱ ተጋጣሚው ኪስ ሚውስ ጩኸቱን ሰምቶ መግፋቱን አቆመለት። የተጫዋችነት ዘመኑ በዚያ አበቃ። በኋላ ከባልደረባው ጋር ጌይን ላይን አናሊቲክስ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ፣ ተጫዋቾች ስንት ጊዜና በየትኛው ቦታ አብረው እንደተሰለፉ ቆጥሮ የቡድኑን መናበብ በነጥብ የሚገልጽ መለኪያ ሠራ። ሐሳቡ ብርቱ ነው። ይሁንና ይህ ለክለቦች የሚሸጥ ሥራ መሆኑን አለመርሳት ነው።

ከራግቢ ውጭ ያሉ ጥናቶችም ያግዛሉ። በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ጥናት አብሮ መጫወት ውጤትን እንደሚያሳድግ፣ ጥቅሙ ግን እያደር እንደሚቀንስና በመጨረሻ ወደ ጉዳት እንደሚያዘነብል አሳይቷል፤ ተጋጣሚ ያጠናሃል፣ አንተም ትደርቃለህ። እግር ኳስን፣ ክሪኬትንና ቅርጫት ኳስን ጨምሮ የተለያዩ ውድድሮችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ አብሮ ማሸነፍ ከግለሰብ ችሎታ በላይ ውጤትን እንደሚተነብይ አግኝቷል። ልብ በሉ፣ አብሮ መቆየት ብቻ አይደለም የተባለው።

እዚህ ላይ የእንቁላልና የዶሮ ጣጣ ይመጣል። የሚያሸንፍ ቡድን አይበተንም፤ የሚሸነፍ አሰልጣኝ ግን ሰው ይቀያይራል። ስለዚህ ብዙ አብሮ የተጫወተ ቡድን አሸናፊ ሆኖ ሲገኝ የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። ኒውዚላንድ የ2015ቱን ፍፃሜ ስትጫወት የ15ቱ ተሰላፊዎች የብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ድምር ከ1,000 በላይ ነበር። ድምሩ ግን የሪቺ ማኮውንና የዳን ካርተርን ዕድሜ ጠገብ ችሎታም ያካትታል።

ከዚህ ጣጣ በከፊል የሚያወጡን አገሮች ሆን ብለው አብሮነትን የሠሩበት አጋጣሚዎች ናቸው። አርጀንቲና ሃጉዋሬስ የተባለውን ቡድን መሥርታ በ2016 ሱፐር ራግቢ በተባለው የክለቦች ውድድር አሰለፈች፤ በየአገሩ ተበትነው ይጫወቱ የነበሩ ልጆቿ ዓመቱን ሙሉ አብረው መሥራት ጀመሩ። ቡድኑ በ2019 ለፍፃሜ ደረሰ። በኖቬምበር 2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ ጨዋታ ካቋረጠ በኋላ፣ አርጀንቲና ኒውዚላንድን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ 25 ለ 15 አሸነፈች። ጃፓንም ሳንዎልቭስ በተባለ ቡድን ተመሳሳይ መንገድ ሄዳ በ2019 የዓለም ዋንጫ አየርላንድንና ስኮትላንድን ጥላ ሩብ ፍፃሜ ገባች። አየርላንድ ደግሞ ተጫዋቾቿን በፌዴሬሽኑ ውል ይዛ የብሔራዊ ቡድኑን አብዛኛውን ክፍል ከአንድ ክልል፣ ከሌንስተር፣ ታወጣለች።

«ከየቦታው የተሰበሰበ ቡድንስ ድንቅ ጨዋታ አሳይቶ የለም?» የሚል አይጠፋም። ባርባሪያንስ በ1973 ካርዲፍ ላይ ኒውዚላንድን 23 ለ 11 የረታበት ጨዋታና ጋሬዝ ኤድዋርድስ ያስቆጠረው ትራይ (ኳስን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) ዛሬም ይነሳል። ያን ኳስ የነኩትን ሰባቱን ብትቆጥሩ ግን ስድስቱ ዌልሳውያን ናቸው፤ ከቡድኑ ብዙዎቹም ከሁለት ዓመት በፊት በላየንስ ማልያ ኒውዚላንድን በሜዳዋ አሸንፈዋል። ከአራት አገሮች የሚዋቀረው ላየንስ ራሱ በ2013 በአውስትራሊያ ወሳኙን ሦስተኛ ጨዋታ ሲያደርግ፣ አሰልጣኙ ዋረን ጋትላንድ አሥር ዌልሳውያን አሰለፈ፤ ታላቁን ኦድሪስኮልን እንኳ ከቡድኑ ውጭ አደረገው። አየርላንድ ተቆጣች። ላየንስ 41 ለ 16 አሸነፈ።

መናበብ ሁሉን አይፈታም። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ 17 ተከታታይ ድል ይዛ የመጣችው አየርላንድ በመጨረሻ ደቂቃዎች 37 ጊዜ ኳሱን እያስቀጠለች አጥቅታ የኒውዚላንድን መከላከል አልሰበረችም፤ 28 ለ 24 ተሸንፋ ወጣች። የ2003ቱ እንግሊዝም ዋንጫውን ባነሳ በዓመቱ ጆንሰንንና ሌሎች አንጋፎችን አጥቶ ተዳክሟል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ቡድኑን በመራው በራሲ ኢራስመስ ዘመን ተሰላፊዎችን በብዛት እያፈራረቀች ሁለት ዋንጫ ወስዳለች። እሷ የጠበቀችው የሰዎቹን ስም ሳይሆን የአጨዋወቱን ሥርዓት ነው።

እናም የሚቀጥለውን ትልቅ ጨዋታ ስታዩ፣ አስተላላፊው የሚያነበውን የልምድ ድምር እለፉት። 2 ቁጥሩ ከዘላዮቹ ጋር፣ 9 ከ10 ጋር፣ 12 ከ13 ጋር በክለባቸው አብረው ይጫወቱ እንደሆነ ተመልከቱ።