የክረምት ጎማ ለአሮጌ ፎር ባይ ፎር፦ ዋጋው በእሸት ቡና ሲሰላ

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ለአንድ ቀን ልተወውና ስለ ጎማ ላውራችሁ። ከቡናና ከሰሊጥ የራቀ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዝናብ ሲገባ አስፋልት ዳር ያለው ገበሬና 25 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ያለው ገበሬ ለአንድ ዓይነት እሸት እኩል ዋጋ አያገኙም። የሚለያያቸው ጥራት ሳይሆን መኪና መድረስ አለመድረሱ ነው። እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ይበላሻል። ይህን ገበሬውም፣ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሰብሳቢም ያውቃል። ዋጋው የሚወርደው እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ለምሳሌ እናስላው። አንድ አሮጌ ፒካፕ በአንድ ምልልስ 800 ኪሎ እሸት ያወጣል እንበል። መኪናው ሳይደርስ ቀርቶ ገበሬው በኪሎ 5 ብር ቀንሶ ቢሸጥ በአንድ ምልልስ 4,000 ብር ሄደ ማለት ነው። በወቅቱ 30 ምልልስ ካለ 120,000 ብር ይሆናል። ቁጥሩን በየቀበሌያችሁ ዋጋ ቀይሩትና ከአራት ጎማ ዋጋ ጋር አስተያዩት። በሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጎማም እንደ ቡናው ዶላርን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ጎማ ስትገዙ ደጋግማችሁ የማትገዙትን መምረጥ ያዋጣል።

እኔ የምነዳት ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች ላንድክሩዘር 75 ናት። የምመርጥበትን መንገድ ልንገራችሁ።

👉 ስሙ አያታልላችሁ። ፈረንጅ "የክረምት ጎማ" ሲል የበረዶ ጎማ ማለቱ ነው። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት አለበት። ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች ባለ ብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስልሶ የተሠራ ነው። በእኛ አገር አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። የእኛ ክረምት ጭቃ እንጂ በረዶ አይደለም።

👉 መጀመሪያ አፈሩን እዩ። በጉጂና በይርጋጨፌ በኩል ለቀማው የሚጀምረው ሁለተኛው ዝናብ ሳያባራ ነው። ቀይ አፈሩ ላዩ ያንሸራትታል፣ ሥሩ ግን ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው። እዚያ ጠበብ ያለ ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ይይዛል። አብዛኛው ጉዟችሁ አስፋልትና ኮረኮንች ሆኖ መጨረሻው ላይ ጭቃ ከሆነ ኦል ቴሬን (ኤቲ) ይበቃችኋል።

የመተማና የሁመራ ዋልካ ሌላ ነገር ነው። የኤቲን ጥርስ ሞልቶ ጎማውን እንደ ሙልጭ ያደርገዋል። ለዚያ ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለው መድ ቴሬን (ኤምቲ) ይሻላል፤ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋዋል። ግን ዕወቁት፣ ኤምቲ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ቶሎም ያልቃል። ደግሞ የራሰ ዋልካን መንገድ የሚያደርግ ጎማ የለም። ፀሐይ እስኪመታው ግማሽ ቀን መጠበቅ መኪና ከማስጎተት ይረክሳል።

👉 አራቱም እኩል ይሁኑ። ላንድክሩዘር 70ም ሆነ አሮጌው ሀይሉክስ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላው አብሮ ይቆለፋል። ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ከሆነ ዙራቸው ይለያያል፤ ትግሉ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ላይ ያርፋል። የሁለት ጎማ ዋጋ ለማዳን ብላችሁ ዲፈረንሻል አትግዙ። ስኮርታውም ያው መጠን ይሁን።

👉 ትልቅ ጎማ ጉልበት አይደለም። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ላይ ከፋብሪካው መጠን የገዘፈ ጎማ ስታስሩ ዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል።

👉 የሚሸከመውን ክብደት አንብቡ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር 112 ከሆነ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው፤ 120 ከሆነ 1,400 ኪሎ። ጀንፈል ወይም ሰሊጥ ለሚጭን መኪና ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጎሚስታው "ያው ነው" ቢላችሁም ያው አይደለም።

👉 የተወለደበትን ቀን እዩ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3523 ማለት በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2015 መሆኑ ነው። ጥርሱ ያልተነካ፣ ግን መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት የከረመ ጎማ "አዲስ" ተብሎ ይሸጣል። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ጎኑን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

👉 ንፋሱ ነፃ ነው። ባዶ መኪና ጭቃ ሲገባ ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ ብታወርዱ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ጭነት ካለ ግን አይሞከርም። አስፋልት ሳትወጡ መልሳችሁ ሙሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ኮምፕሬሰር መኪናው ውስጥ አይጥፋ። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ንፋሱ ሲቀንስ ቸርኬው ላይ ዞሮ የንፋስ መሙያውን ሊበጥስ ይችላል፤ ለእሱ ተጠንቀቁ።

የኔ ምክር አጭር ነው። ለቡናው አካባቢ በፋብሪካው መጠን፣ ክብደት የሚችል፣ በቅርብ የተሠራ አራት ኤቲ። መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ ዋልካ ላይ ለምትውል ደግሞ ኤምቲ።

ዩኒየኖች ሆይ፣ ጎማን "የመኪና ጥገና" ብላችሁ በጀት ሲተርፍ የሚገዛ ዕቃ አታድርጉት። የግብይት ወጪ ነው፣ እንደ ጆንያ፣ እንደ ጉልበት ሠራተኛ። ለቀማው ሳይጀመር ካልተገዛ ልዩነቱን የሚከፍለው ከመንገድ ርቆ ያለው አባላችሁ ነው።

ነገ ወደ ዋጋው እንመለሳለን። መልካም ጉዞ።