ገዢዎች በእንቅስቃሴ የሚታዘዙትን የጨዋታ መሣሪያዎች ስለ ምን ተጠራጠሩ?

የቪዲዮ ጨዋታ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚቸረችሩ አባሎች ይጠቅም እንደ ሆነ በማሰብ፤ በእጅና በአካል እንቅስቃሴ የሚታዘዙት መሣሪያዎች ለገበያ በቀረቡ ጊዜ ገዢዎች ያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች ለመግለጽ እንወዳለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ2010 መጨረሻ ገደማ የምሠራበት የንግድ ቤት ባለቤት ከዱባይ አንድ የዕቃ ዝርዝር ይዘው መጡና ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። በቀይ ያሰመሩበት፤ ኪኔክት የተባለው የማይክሮሶፍት ኩባንያ አዲስ መሣሪያ ነበር። «ይህ ነገር እጅ ሳይነካው ያጫውታል ይላሉ፤ ስንት ብንጽፍ ይበጃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የማዘዣ ደብዳቤ መጻፍ እንጂ ዕቃ መመርመር ሥራዬ ስላልነበረ፤ «እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ» ብዬ መለስሁ። ሃያ ተጻፈ። የሃያው ነገር ኋላ ይመጣል፤ አስቀድሞ ግን የገዢው ጥርጣሬ ከየት እንደ መነጨ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማቴል የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ በ1989 ለኒንቴንዶ ኮንሶል የሚሆን ፓወር ግላቭ የተባለ ጓንት አውጥቶ ነበር። ጓንቱ የጣቶችን መታጠፍ ይለያል፤ እጁ ያለበትንም ስፍራ፤ ለሰው ጆሮ በማይሰማ ድምፅ አማካይነት፤ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ በሚደረጉ ሦስት ተቀባዮች ይገምታል። ማስታወቂያው እጅግ ያማረ ነበር። ሥራው ግን ያልተስተካከለ፤ ለእርሱ ተብለው የተሠሩት ጨዋታዎችም ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ ዕድሜው አጭር ሆነ። እንግዲህ በ1989 የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይህን ጓንት ያስገዛ፤ በ2009 ሠላሳ ዓመት የሞላው፤ የራሱ ደመወዝ ያለው ገዢ ሆኖ ወደ መደብር ይመጣል ማለት ነው። የዕቃ ፋብሪካ የረሳውን ደንበኛ አይረሳውም።

ከዚያም በኅዳር 2006 የኒንቴንዶ ዊ ወጣ። በአሜሪካ ዋጋው 249 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሆኖ፤ ቴኒስና ቦውሊንግ ያሉበት ዊ ስፖርትስ የተባለው ጨዋታ ከሣጥኑ ውስጥ ይገኝ ነበር። አያቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ላይ የሚጫወቱበት ሆኖ፤ እስከ ፍጻሜው ድረስ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መቆጣጠሪያው የእጅን መወዛወዝ የሚለየው አክስለሮሜትር በሚባል ጥቃቅን መሣሪያ ነው። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጠው ዘንግ «ሴንሰር ባር» ይባል እንጂ አንዳች ነገር የሚለይ አይደለም፤ የማይታይ ብርሃን ብቻ ይሰጣል፤ የሚያየው ካሜራ ከመቆጣጠሪያው ራስ ላይ ነው። ዘንጉ የተበላሸባቸው ሰዎች በስፍራው ሁለት የበሩ ሻማዎች አኑረው መጫወታቸውም ይታወቃል።

ሽያጩ ይህን ያህል ቢሰፋም፤ በዊ የተጫወተው ሰው ሁለት ነገር ተማረ። አንደኛው፤ ክንዱን እንደ ቴኒስ ተጫዋች ከመዘርጋት ይልቅ ከወንበር ላይ ሆኖ አንጓውን ብቻ ቢያንቀሳቅስ ኳሱ ያው እንደሚመታለት ነው፤ ምክንያቱም አክስለሮሜትር ብቻውን የእጅን መዞር በሚገባ አይለይም። ኒንቴንዶ ይህን ለማረም ጃይሮስኮፕ ያለበትን ሞሽንፕላስ የተባለ ተጨማሪ ዕቃ በ2009 አወጣ፤ ደንበኛውም ይህን ያየ ጊዜ «እንግዲያው የመጀመሪያው ያላለቀ ዕቃ ነበርን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሁለተኛው፤ ከእጅ እያመለጠ ቴሌቪዥን የሚሰብረው መቆጣጠሪያ ነው። ኩባንያው ወዲያውኑ በታኅሣሥ 2006፤ 3.2 ሚሊዮን የሚሆኑ የእጅ ማሰሪያዎችን በወፍራሞች ለመለወጥ ተገዷል።

በሰኔ 2009 በሎስ አንጀለስ በተደረገው የጨዋታ ዕቃዎች ትርዒት ማይክሮሶፍትና ሶኒ የየራሳቸውን አሳዩ። የማይክሮሶፍቱ ያን ጊዜ «ናታል» ይባል ነበር፤ ኪኔክት የተባለው በማግስቱ ዓመት ነው። በዚያ ትርዒት ሚሎ የሚባል ልጅ በመስተዋት ውስጥ ሆኖ ከሰው ጋር ሲነጋገር ታየ፤ ተመልካቹም ተደነቀ፤ ሆኖም ሚሎ እስከ ዛሬ ድረስ ለገበያ አልወጣም። የሶኒው ሙቭ ከጫፉ በቀለም የሚበራ ኳስ ያለበት በትር ሲሆን፤ ካሜራው ኳሱን በመከታተል ስፍራውን ያውቃል፤ በትክክለኝነቱም ይመሰገን ነበር።

የኪኔክት ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ማይታይ ብርሃን በነጥብ በነጥብ አድርጎ በክፍሉ ላይ ይበትናል፤ የነጥቦቹን መዛባት አይቶ የእያንዳንዱን ነገር ርቀት ያሰላል፤ ከዚያም የሰውን ጭንቅላት፣ ክርንና ጕልበት ከሥዕሉ ለይቶ ያወጣል። ይህን በአንድ ሰከንድ 30 ጊዜ ያደርጋል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሥዕል እስኪነሣ፣ እስኪሰላና ወደ ቴሌቪዥኑ እስኪደርስ ድረስ የአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። በቦውሊንግ ይህ መዘግየት አይታወቅም። በዳንስም አይጎዳም፤ የሚመጣው እርምጃ አስቀድሞ የታወቀ ነውና፤ በኅዳር 2010 የወጣው ዳንስ ሴንትራል የተወደደው ስለዚህ ነው። በቦክስ ወይም በመኪና እሽቅድድም ግን እጅህን ከሰነዘርህ በኋላ የምትጠብቃት ያቺ ቅጽበት ደስታውን ታጠፋለች። በ2012 የወጣው ስቲል ባታሊየን የተባለው ጨዋታ የተጫዋቹን እጅ እያሳሳተ አንዱን ትእዛዝ ለሌላው በመውሰዱ ብዙ ተነቅፏል። እንግዲህ «ዕቃው ደርሷልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ለየትኛው ጨዋታ እንደ ሆነ እየታየ የሚሰጥ ነበር፤ ሻጭ ግን ይህን ሲለይ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ስለ ስፍራ ከተነሣ፤ ኪኔክት አንድ ሰው ሲጫወት 1.8 ሜትር፤ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ 2.4 ሜትር ያህል ከመሣሪያው መራቅን ይጠይቃል። ይህ ባዶ ወለል ነው፤ ሶፋና ጠረጴዛ ሳይቈጠር። ችግሩ በአሜሪካም የታወቀ ስለ ነበረ፤ ናይኮ የተባለ ኩባንያ በ2011 ርቀቱን የሚቀንስ መነጽር ሠርቶ ከኪኔክቱ ፊት እንዲገጠም ሸጧል። አንድ ዕቃ ሌላ ኩባንያ መነጽር እስኪሠራለት ድረስ ከደረሰ፤ የገዢው ጥርጣሬ ከምንም የተነሣ አልነበረም።

ስለ ዋጋ በአጭሩ እንናገር። ኪኔክት ኮንሶሉን ሳይጨምር 149 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። የሶኒ በትር አንዱ 49 ዶላር ከ99 ሲሆን፤ ካሜራ ለሌለው ሰው ካሜራና አንድ ጨዋታ የተጨመረበት ሣጥን 99 ዶላር ከ99 ይወጣ ነበር፤ ለሁለት ሰው ደግሞ ሁለት በትር ያሻል።

ይህ ሁሉ ጥርጣሬ እያለ፤ ኪኔክት ከኅዳር 4 ቀን 2010 ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ተሸጦ በጊነስ የክብር መዝገብ ፈጣን ሽያጭ ያገኘ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሆኖ ተመዘገበ። የእኔ አሠሪም የጻፉት ሃያ ትንሽ ነው ብለው ተቈጭተው ነበር።

አሁን ወደ ሃያው እንመለስ። በገና ሰሞን ስምንቱ ተሸጡ። ከስምንቱ ሦስቱ ተመለሱ። አንደኛው ገዢ የነበረው ኮንሶል የቀድሞው ዓይነት ስለ ነበረ ለብቻው የኤሌክትሪክ መስጫ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን የነገረው አልነበረም፤ እኛም አናውቅም ነበር። ሁለተኛው የቤቱ ሳሎን አልበቃውም። ሦስተኛው የጌም ቤት ባለቤት ነው፤ እርሱም እንዲህ አለን፦ «ደንበኞቼ ተደርድረው ተቀምጠው በየጨዋታው ይከፍሉኛል። ይህ መሣሪያ ስድስት ሰው የሚቀመጥበትን ስፍራ ለሁለት ሰው ይወስድብኛል፤ እነርሱም ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ደክሟቸው ይሄዳሉ።» ይህን ሰው ከማዘዛችን በፊት ብንጠይቀው ኖሮ፤ ጥያቄው አንድ ስኒ ቡና ብቻ በጠየቀን ነበር። የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ሁለት ዓመት ያህል መደርደሪያ ይዘው ኖሩ፤ በመጨረሻም ከተገዙበት በታች ወጡ።

ማይክሮሶፍት በኅዳር 2013 ኤክስቦክስ ዋንን ከተሻሻለ ኪኔክት ጋር አንድ አድርጎ በ499 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፤ ተወዳዳሪው ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር ነበር። ሳሎን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያይና የሚሰማ መሣሪያ መኖሩም ብዙ ሰው አሳሰበ፤ ኩባንያውም ኪኔክት ካልተሰካ ኮንሶሉ አይሠራም ያለውን ደንብ ገና ሳይሸጥ አነሣው። በሰኔ 2014 ኪኔክት የሌለበት ኮንሶል በ399 ዶላር ወጣ። በጥቅምት 2017 የኪኔክት መሠራት ቆመ።

አሁንም ቢሆን ያገለገሉ ኪኔክቶች በየሱቁ ይታያሉ፤ ደንበኛም «ለእኔ ይሆናልን?» ብሎ ይጠይቃል። በ2010 የወጣው ለኤክስቦክስ 360 ብቻ ነው፤ የቀድሞው ዓይነት ኮንሶል ከሆነ የኤሌክትሪክ መስጫው ከሣጥኑ ውስጥ መኖሩን ማየት ነው። የ2013ቱ ለኤክስቦክስ ዋን ነው፤ በ2016 በወጣው ኤክስቦክስ ዋን ኤስ ላይ ግን ራሱን የቻለ መሰኪያ ስለሌለው ማገናኛ ይጠይቃል፤ ይህም ማገናኛ ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ በፋብሪካ አይሠራም። በ2020 የወጡት አዲሶቹ ኤክስቦክሶች ኪኔክትን ከነጭራሹ አይቀበሉም። የእኛ ቤት ለጠየቀ ሁሉ ኮንሶሉን ይዞ እንዲመጣና ከባንኮኒው ላይ ሰክቶ እንዲያይ ያደርጋል።