በርጩማውን ገልብጣችሁ እዩት

የጅማን በርጩማ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቡና በሚፈላበት ቤት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ስንገዛው ግን የምናየው ላዩን ብቻ ነው። እስቲ ገልብጣችሁ እዩት። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። መቀመጫውም ሦስቱም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተጠርበው የወጡ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ።

ሦስት እግር የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ባለአራት እግር ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ይንገዳገዳል፤ ባለሦስቱ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ወፈር ቢል አትገረሙ፤ ጠራቢው የለካው በዓይኑ ነው። አካባቢው በእንጨት ሥራ የቆየ ዕውቀት አለው፤ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያየ ይመሰክራል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ዋጋ የሚወሰነው በፍላጎትና በአቅርቦት ነው ተብለናል። እሺ፣ ይሁን። ገበያ ላይ «ቀንስ እንጂ!» ስንል ግን የሚቀንሰው ምንድን ነው? ግንዱ አንዴ ተገዝቷል። ያውም ብዙው ፍላጭ ሆኖ ወድቋል። ስለዚህ የሚቀነሰው የሰውየው የእጅ ዋጋ ነው። እሱ ካላበላው ደግሞ ልጁ መጥረቢያውን አያነሳም፤ እኛም ከፕላስቲክ ወንበር ጋር እንቀራለን።

በሚቀጥለው ጊዜ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ቀን ፈጀብህ?» በሉት። ከዚያ በኋላ መከራከር ካስቻላችሁ ተከራከሩ።