ቃሪያው ለምን ቀነጨረ?

ጥቅምት መግቢያ ላይ ከአንድ ዛላ በርበሬ የወጣ ዘር በአራት የወተት ጣሳ ዘራሁ። አፈሩ የተዛቀው ከአንድ ጆንያ ነው፤ ቀኑም አንድ ቀን ነበር። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ግን አራቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ፍሬ ልጆች ናቸው ብሎ አያምንም። ፀሐይ ሲያርፍበት ከሚውለው ግድግዳ ሥር የተቀመጠው አምስት ቅጠል አውጥቶ ግንዱ ደንድኗል። ጓሮ በረንዳ፣ ሲሚንቶው ላይ ያለው ሁለት ትንንሽ ቅጠል ብቻ ጨምሮ ባለበት ቆሟል። ሦስተኛው ገርጥቶ አንገቱን ደፍቷል። ሳሎን መስኮት ላይ የነበረው ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን እንደ ክር ቀጥኖ ራሱን መሸከም አቅቶታል።

እኔ ለሁሉም የሰጠኋቸው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታችን፣ ጎጃም ውስጥ በርበሬ ሲያመርቱ የኖሩ እናት፣ ሦስተኛውን ጣሳ ብድግ አድርገው በእጃቸው መዘኑት።

«ልጄ፣ ይኼ ውሃ አልጠማውም» አሉኝ። «ትንፋሽ ነው ያጣው።»

የዚያን ቀን የገባኝን ነገር በቤቱ ችግኝ ለሚያፈላ ሁሉ ማካፈል እፈልጋለሁ። ችግኝ እድገቱ ሲገታ ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ነገር ነው። ያንን አንድ ነገር ሳይለዩ ሌላውን ማብዛት ተክሉን አይጠቅመውም፤ አንዳንዴም ይገድለዋል።

ከማዶ የመጣ የሞቃት አገር ልጅ

ቃሪያና በርበሬ አንድ ተክል ናቸው። በአረንጓዴው ሲቀጠፍ ቃሪያ፣ ቀልቶ ሲደርቅ በርበሬ እንለዋለን። ዶሮ ወጥ ያለ በርበሬ ስለማይታሰብ ተክሉ ከጥንት ጀምሮ የኛው ይመስለናል፤ ትውልዱ ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ ከአሜሪካ ምድር ነው። ወደ ቀረው ዓለም የተሻገረው ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ ማረቆ፣ አላባ፣ ስልጤና ምዕራብ ጎጃም በበርበሬያቸው ይታወቃሉ። ማረቆ ፋና የተባለው ዝርያም በማረቆ ስም ይጠራል።

ይህ ታሪክ በጣሳ ለሚዘራ ሰውም ይጠቅማል። አገሩን ቢለምድም ተክሉ የትውልድ ጠባዩን አልተወም፤ ሙቀት ይወዳል፣ ብርድ ይጠላል። ዘሩ በደንብ የሚበቅለው አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። በዚህ ሙቀት ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል። አፈሩ ከቀዘቀዘ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ጭራሽ የማይበቅል ሊሆን ይችላል።

ከበቀለም በኋላ አይቸኩልም። መጀመሪያ ጎብጦ ይወጣና ቀና ሲል ሁለት ጠባብ የዘር ቅጠሎች ይዘረጋል። ከዚያ እውነተኛው ቅጠል እስኪታይ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያልፋል። ከላይ ሲታይ የቆመ በሚመስልበት በዚህ ጊዜ ችግኙ ከታች ሥር እየሰደደ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በእርግጥ ዘግይቷል ወይ?» የሚለው ነው። ከተዘራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት እውነተኛ ቅጠል ያወጣ ችግኝ ጤነኛ ነው። የሦስት ሳምንት ችግኝ ሁለት ቅጠል ብቻ ስላለው መደንገጥ አያስፈልግም።

ብርድ የያዘው ጣሳ

ጓሮ በረንዳ የነበረው ጣሳ ችግሩ እግሩ ሥር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ብርዱን ይዞ ያድራል። አየሩ ቀን ላይ ቢሞቅም በጣሳው ውስጥ ያለው አፈር እስከ ረፋድ እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ምግብ የመሳብ አቅሙ ይደክማል፤ በተለይ ፎስፈረስን። የእኔ ችግኝ ቅጠሉ ከጀርባው ሐምራዊ ቀለም የያዘውም ለዚህ ነው። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ነበር፤ ምግቡ ግን እዚያው አፈሩ ውስጥ ነበር፣ በብርዱ ምክንያት መውሰድ ያቃተው ችግኙ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ጣሳውን ከሲሚንቶ ላይ አንስቶ ጣውላ ላይ ማስቀመጥ፣ ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ ቀን ፀሐይ ወደሚያርፍበት ግድግዳ ማስጠጋት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል፤ ብዙ የቃሪያ ዝርያዎች ግንዳቸው መገጣጠሚያ ላይ በተፈጥሮው ሐምራዊ ነው። በሽታ አይደለም።

ትንፋሽ ያጣው ሥር

ጎረቤታችን ሦስተኛውን ጣሳ ገልብጠው መሬት ላይ መታ መታ ሲያደርጉት አፈሩ እንዳለ ተጎልጉሎ ወጣ። የጤነኛ ችግኝ ሥር ነጭ ነው፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ አፈሩን አቅፎ ይይዛል። የዚህኛው ቡናማ ሆኖ ነበር። በጣታቸው ቆንጠጥ ሲያደርጉት ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ ወጣና መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሽታው የረግረግ ሽታ ነበር። የጣሳውን ቂጥ ስንመለከት ሌሎቹን በምስማር ስበሳ እሱን ዘልዬው ኖሯል።

ሥር እንደኛው ይተነፍሳል። ኦክስጅን የሚያገኘው በአፈር ቅንጣቶች መሐል ካለው ክፍት ቦታ ነው። ያ ቦታ በውሃ ሲሞላ ኦክስጅኑ መድረሻ ያጣል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ቅጠሉ እንደተጠማ ተክል የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱም ጠምቶት ነው ብሎ ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። በቤት ውስጥ ከሚቀነጭሩ ችግኞች ብዙዎቹን የጎዳቸው ይህ ስህተት ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል።

መለያው ቀላል ነው። ጣትን እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ርጥበት ከተሰማ ውሃ አይጨመርም። ጣሳን ውሃ ከጠጣ በኋላና ከደረቀ በኋላ አንስቶ እጅን ከክብደቱ ጋር ማለማመድ ደግሞ ከዚህም የተሻለ ነው። ውሃ ሲሰጥ ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጥቶ፣ ከዚያ ላዩ እስኪደርቅ መተው ነው። በአፈሩ ላይ የሚያንዣብቡ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ከታዩ አፈሩ ከልክ በላይ እንደራሰ ይመሰክራሉ። ገና የበቀለ ችግኝ አፈር የሚነካው አንገቱ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ በአንድ ሌሊት ከወደቀ ደግሞ ርጥበትና መጨናነቅ የሚወድ የፈንገስ በሽታ ነው። የወደቀውን ማዳን አይቻልም፤ የቀሩትን ለማትረፍ ማሳሳት፣ አየር ማስገባትና ውሃ መቀነስ ያስፈልጋል።

አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። ዋልካ አፈር ብቻውን ጣሳ ውስጥ ሲገባ፣ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ውሃም አየርም ይይዛል። ዕቃው ደግሞ ከችግኙ ጋር ይመጣጠን። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ባልዲ ሲተከል ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ርሶ ይከርማል። ያደገ ችግኝ በትንሽ ጣሳ ሲቆይ ደግሞ ሥሩ በግድግዳው ዙሪያ እየተጠመዘዘ እድገቱን ይገታል። ለማፍላት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተቆርጦ ይበቃል፤ ፍሬ እንዲሰጥ ሲፈለግ ግን ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልገዋል።

ረዝሞ የደከመው

የመስኮቱ ችግኝ ያነሰው ብርሃን ነው። ለዓይናችን ብሩህ የሚመስለን ሳሎን ለተክል ጨለማ ነው፤ መስኮት ከሰማዩ ብርሃን የሚያስገባው በአንድ በኩል ያለውን ብቻ ነው። ብርሃን ያጣ ችግኝ ያለ የሌለ ኃይሉን ቁመት ላይ ያውላል። ግንዱ ይቀጥናል፣ በቅጠሎቹ መሐል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ወደ መስታወቱም ይንጋደዳል።

ወደ ደጅ ማውጣት ይገባል፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። የቤት ውስጥ ቅጠል የቀትር ፀሐይ ሲመታው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት እያሉ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ማለማመድ ያስፈልጋል። ነፋሱም ግንዱን እያወዛወዘ ያደነድነዋል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ብርሃንና ብርድ ዋናዎቹ ፈተናዎች ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ጓሮው ውስጥ ቃሪያ የሚተክል ሐበሻ የመጨረሻው ውርጭ ከማለፉ ስምንት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ ይዘራል። በሰሜን አውሮፓ የክረምት መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚበራ የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ በላይ ቀረብ አድርጎ መስቀል ያስፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ማሰሮ ሥሩን ስለሚቀቅለው ጥላ መሥራት ነው የሚያድነው።

ምግብ መጨረሻ ላይ ይምጣ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካርል ሽፕሬንገልና ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት አንድ ሕግ አስተማሩ፤ የተክልን እድገት የሚወስነው ከሁሉም ያነሰው ነገር ነው አሉ። ሌላው የቱንም ያህል ቢትረፈረፍ የጎደለውን አይተካም። ሙቀት ላጣ ችግኝ ዩሪያ መስጠት ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ፣ አየሩና ብርሃኑ ተስተካክለው ችግኙ አሁንም ካልጨመረ ቅጠሉን ማንበብ ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ ቢጫነቱ ከታች ይጀምራል። ብረት ግን ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይዛወርም፤ ሲያንስ ጫፉ ላይ ያለው አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ይቀራሉ። ይህም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ብረት ከመሬቱ ጠፍቶ ሳይሆን አፈሩ ውሃ አቁሮ ወይም የአፈሩ ፒኤች ከፍ ብሎ ነው። ቃሪያ የሚወደው ፒኤች ከ6 እስከ 6.8 ነው።

ምግብ ሲሰጥ እጅ ይያዝ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ የተሠራውን ማንኪያ ሙሉ ጣሳ ላይ መበተን ጨው እንደመነስነስ ነው። ጨው የበዛበት አፈር ውሃን ከሥሩ መልሶ ይስባል። አፈሩ ርጥብ ሆኖ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ይህ መሆኑን ይጠርጥሩ። ከጣሳው ይዘት ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ንጹሕ ውሃ በቀስታ አሳልፎ ማጠብ ይረዳል። ያልተብላላ ፍግም እንዲሁ ያቃጥላል። ለትንሽ ችግኝ የተብላላ ኮምፖስት ከማናቸውም ይሻለዋል።

በመጨረሻ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ከታየ ከቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ሊኖር ይችላል፤ ጉንዳኑ የሚፈልገው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ትንሽ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አቅጥኖ አመሻሽ ላይ ጀርባውን ማጠብ ያስወግደዋል። ቅጠሉ ተጨማዶ አረንጓዴና ቢጫ ከተዥጎረጎረ ግን ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ስለሌለው ሌሎቹን ሳይበክል መንቀል ይሻላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ ከደረቀ ትምባሆ ወደ ቃሪያ ይተላለፋል።

ከአራቱ ጣሳዎች የበረንዳው ጣውላ ላይ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ቅጠል ጀመረ። የመስኮቱን እንጨት አስደግፌ ከፀሐይ ጋር አለማመድኩት። ሥሩ የበሰበሰውን ጎረቤታችን የሞተውን ቆርጠው ቀዳዳ ባለው ዕቃ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ተከሉት፤ «አሁን አትንኪው» ብለው አዘዙኝ። አሥራ ስድስት ቀን ምንም አልታየበትም። በአሥራ ሰባተኛው መሐሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ።

በሁዳዴ ጾም ጎረቤታችንን ለምሳ ጠራኋቸው። ሽሮው አጠገብ ከዚያው ተክል የተቀጠፉ ሦስት ስንግ ነበሩ። አንዱን አንስተው ገመጡና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አቤት! በረታ» አሉ፣ ወደ ግቢው እያዩ።